ጣሪያው ለምን ተነሣ? በእጅ ስለሚሠራ የፈጣን ትንሽ መኪና አካልና ስለ አየር ጠባይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታይ እንደሚችል ዐውቃለሁ። ርዝመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፣ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የምትነዳ፣ ነገር ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የምትሮጥ ትንሽ መኪና አለች። የእርሷን ውጫዊ አካል ባለን ቁሳቁስ በእጃችን እንዴት እንደምንሠራ፣ ከዚያም ሥራ ምን እንደምንማር አስረዳለሁ። ጨዋታ ነው የሚለውን አልክድም። ይሁን እንጂ ከጨዋታው ጀርባ ያለው ሕግ ቤታችንን የሚያፈርስና ነዳጃችንን የሚበላ ሕግ ነው።

ከዛሪማ ልጀምር። ያደግሁት እዚያ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ፣ በደጋው የለበሳችሁትን ጋቢ ዛሪማ ሳትደርሱ እንደምታወልቁ ታውቃላችሁ። እኛ ልጆች በዚያ መንገድ ዳር ቆመን ኤንትሬ የጭነት መኪኖች አቧራ እያስነሡ ሲወርዱ እናይ ነበር። ከዚያም ሽቦ አጣጥፈን፣ ቆርኪ ጎማ አድርገን፣ ያየነውን መኪና በትንሹ እንሠራለን። ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ በእንጨት ላይ ኩሽኔታ ገጥመው ቁልቁለት ይወርዱ ነበር።

በአንድ የክረምት ዋዜማ ከባድ ነፋስ መጣና የጎረቤታችንን ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ አነሣው። ወደ ውስጥ አልደረመሰውም። ከነማገሩ ወደ ላይ አንሥቶ ከግቢው ማዶ ጣለው። የቤቱ ባለቤት የነበሩት እናት፣ በጣሪያው ላይ የደረደሯቸው ድንጋዮች መሬት ላይ ተበትነው ሲያዩ፣ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንተ ተማሪ ነህ። ነፋስ ይገፋል እንጂ ያነሣል እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ መልሱን በመጽሐፍ አገኘሁት፤ ለተማሪዎችም በየዓመቱ አስተማርሁት። በእርግጥ የገባኝ ግን አንዲት ትንሽ መኪና ከመሬት ተነሥታ በዓይኔ ፊት በበረረች ጊዜ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አየር ምን ያህል ይከብዳል?

በጸጥታ ስንቀመጥ አየር የሌለ ይመስለናል። በፍጥነት ስንሄድ ግን እንደ ውኃ ይጋረጥብናል። አየር አንድን ተንቀሳቃሽ አካል ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ በአየሩ እፍግታ፣ በፍጥነቱ ካሬ፣ አካሉ ከፊት ሲታይ ባለው ስፋት እና «የቅርጽ ቁጥር» ብለን በምንጠራው ብዜት። አራቱን አባዝተን ለሁለት ስናካፍል ጎታች ኃይሉን በኒውተን እናገኛለን።

የቅርጽ ቁጥር ማለት አካሉ አየሩን እንዴት እንደሚከፍትና እንዴት እንደሚዘጋ የሚናገር ቁጥር ነው። ፊቷን ወደ ነፋስ ያዞረች ኩብ ቁጥሯ ወደ 1.05 ነው። የኳስ ቅርጽ 0.47 ገደማ ነው። እንደ ዓሣ ወይም እንደ ውኃ ጠብታ ከፊት ደንደን፣ ከኋላ ረዝሞ የሚሾል አካል ግን እስከ 0.04 ይወርዳል። በከተሞቻችን ብዙ ዘመን ያገለገለችውን ቮልስ አስቡ። ክብ ስለሆነች አየር የሚወዳት ትመስላለች፤ ቁጥሯ ግን ወደ 0.48 ነው። ምክንያቱ ጀርባዋ ነው። ቶሎ ስለምትጎብጥ አየሩ ሊከተላት አይችልም፤ ከጀርባዋ ተለይቶ አዙሪት ይፈጥራል፤ አዙሪቱም ወደ ኋላ ይስባታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ፊትን ማሾል ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ሥራ ጅራት ላይ ነው።

አሁን ወደ ትንሿ መኪናችን እንምጣ። ስፋቷ 20፣ ቁመቷ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ማዕዘኖቿን ቀንሰን የፊት ስፋቷን 0.02 ሜትር ካሬ እንውሰድ። በጎንደር አየር፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ፣ የሣጥን ቅርጽ ኖሯት ቁጥሯ 0.8 ቢሆን ጎታች ኃይሉ 5.7 ኒውተን ያህል ነው። ይህን ለማሸነፍ ብቻ 160 ዋት ያስፈልጋል። አካሏን አሻሽለን ቁጥሩን ወደ 0.25 ብናወርደው 50 ዋት ይበቃል። ፍጥነቱን ወደ 200 ብናሳድገውስ? ኃይሉ በአራት እጥፍ፣ ዋቱ ደግሞ በስምንት እጥፍ ያድጋል። ሣጥኗ ወደ 1,280 ዋት ስትጠይቅ፣ የተስተካከለችው በ400 ዋት ትረካለች። ፍጥነት በሞተር ብቻ አይገዛም የምንለው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካዊው ኒክ ኬዝ በራሱ እጅ የሠራት በባትሪ የምትሄድ መኪና በሰዓት 325.12 ኪሎ ሜትር ሮጣ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ገብታለች። ቅርጿን ያየ ሰው ከመኪና ይልቅ ለጥይት ያቀርባታል።

ደጋው የሚሰጠንና የሚወስድብን

አየር በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 2,130 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጎንደር፣ በ20 ዲግሪ፣ ስሌቱ 0.93 ያህል ይሰጠናል። ደባርቅን በ2,850 ሜትርና በ15 ዲግሪ ብንወስዳት 0.86 ይሆናል። ዛሪማን ደግሞ ወደ 1,200 ሜትርና 30 ዲግሪ ብናደርጋት 1.01 እናገኛለን። እንግዲህ አንዲት መኪና በአንድ ፍጥነት ስትሮጥ፣ ደባርቅ ላይ የሚገጥማት የአየር ጉተታ ዛሪማ ላይ ከሚገጥማት በ15 በመቶ ያህል ያንሳል። በጎንደርና በባሕር ወለል መካከል ያለው ልዩነት 24 በመቶ ይደርሳል። ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ካልተቀየረና ሌላው ጉተታ አነስተኛ ከሆነ፣ ጎንደር ላይ ከፍተኛው ፍጥነት ወደ 10 በመቶ ከፍ ሊል ይችላል።

ይህ የደጋው ስጦታ ነው፤ ዋጋ ግን አለው። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር በደጋ ይደክማል፤ ሊማሊሞን ሽቅብ የነዳ ሾፌር ይህን ያለ ስሌት ያውቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይደክምም፤ ነገር ግን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሳሳ ቶሎ ይግላል። መኪናዋን ወደ መሬት የሚጫናት የአየር ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሌላ አገር የተቀዳ የአየር ማስገቢያ ልክ ለእኛ ይጠባል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የአንድ ታዋቂ የውድድር መኪና ሥዕል ይዘው መጥተው፣ «ይህን በአሥረኛ እጅ እናሳንሰው» ይላሉ። አየር ግን ከመኪናው ጋር አያንስም። የሬይኖልድስ ቁጥር የምንለው የፍጥነት፣ የርዝመትና የአየር ዝልግልግነት ንጽጽር፣ በዚያው ፍጥነት ለትንሿ መኪና አንድ አሥረኛ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በትልቁ መኪና ጀርባ ላይ ተጣብቆ የሚወርድ አየር፣ በትንሿ ላይ ቀድሞ ሊለይ ይችላል። ጅራቷን የበለጠ ማርዘም፣ ቁልቁለቱንም ከ12 ዲግሪ ብዙም ሳያሳልፉ ቀስ ብሎ ማውረድ ያስፈልጋል። ቦታ ካነሰ በድንገት ከማጉበጥ ይልቅ ጅራቱን በስለት ቆርጦ ማቆም ይሻላል። ይህን መንገድ ጀርመናዊው መሐንዲስ ዉኒባልድ ካም በ1930ዎቹ አሳይቶታል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ከፎምና ከጀሶ

ሥራው በልኬት ይጀምራል። የመኪናዋን ሻንሲ ከነጎማው በወረቀት ላይ እናሰፍራለን። ጎማው ሲነጥርና ሲታጠፍ የሚነካውን ቦታ እንጨምራለን። ከዚያ የጎንና የላይ ምስሏን በካርቶን ቆርጠን ሁለት መለኪያ እናወጣለን። ጎማዎቹ ከተቻለ በአካሉ ውስጥ መሸፈን አለባቸው፤ የሚሽከረከር ጎማ አየርን እንደ ማማሰያ ያምሰዋልና።

ቀጥሎ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም በኮላ ደራርበን እናጣብቃለን። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ማስቲሽ ወይም ሌላ ቤንዚን ነክ ማጣበቂያ ፎሙን ይበላዋል። የደረቀውን ድርብ በጋለ ሽቦ ቆርጠን፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስን፣ የካርቶን መለኪያችንን እየደገንን ቅርጹን እናወጣለን። በላዩ ስስ ጀሶ እንቀባለን። ሲደርቅ ኮላ አጠጥተን እንደፍነዋለን፤ ስቱኮም ሆነ የፋይበርግላሱ ሬዚን ፎሙን ካገኙት ያሟሙታልና። ከዚያ በስቱኮ ጉድጓዱን እንሞላለን፣ እናለሰልሳለን፣ ሰም እንቀባለን። ሁለት ድርብ ፋይበርግላስ በሬዚን አርሰን እንለብጠዋለን። የማድረቂያው መጠን በሙቀቱ ይወሰናል፤ ለዛሪማ ቀትር የሚበቃው ለደባርቅ ማታ አይበቃም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርጉ፣ መስኮት ሳይከፍቱ ይህን ሥራ መጀመር ክልክል ነው። ሬዚን መግዛት ያልቻለ ቡድን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየለጠፈ፣ በቫርኒሽ ጨርሶ ለዝቅተኛ ፍጥነት ሙከራ የሚሆን አካል ሊሠራ ይችላል።

በዚህ ደረጃ ከመጽሐፍ የሚበልጥ መምህር አለ። አንድ ባትላሜራ የተጋጨ መኪና ሲያቃና አይታችሁ እንደሆነ፣ ዓይኑን ሳይሆን መዳፉን ያምናል። ዓይን ያላየውን እብጠት መዳፍ ያገኘዋል። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃ እንደምናውቀው፣ ሸክላ የሚሠሩ እናቶችም የማሰሮን ሆድ ያለ መለኪያ አስተካክለው የሚያወጡት በዚሁ ዕውቀት ነው። ተማሪዎቼ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የአካሉን ግራና ቀኝ በመዳፍ እንዲያመሳክሩ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ በኋላ ግን ዝም ብለው ያለሰልሳሉ።

የበረረችው መኪና

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የተማሪዎች ቡድን ጋር እንዲህ ያለች መኪና ሠራን። ክብደቷ 3 ኪሎ ያህል ነበር። ሐሳባችን ሁሉ ጎታች ኃይልን መቀነስ ላይ ነበር። የላይኛውን ገጽ እንደ ሸንበቆ አለሰለስነው። የታችኛውን ግን ክፍት ተውነው፤ አፍንጫዋም ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላ ነበር። ተሽከርካሪ በማይገባበት አስፋልት ላይ ሞከርናት። አንደኛውና ሁለተኛው ሩጫ መልካም ነበር። በሦስተኛው፣ ፍጥነት ጨምራ ስትመጣ፣ የመንገዱ ትንሽ እብጠት አፍንጫዋን አነሣት። ከዚያ በኋላ መኪና አልነበረችም። ተነሥታ፣ በአየር ላይ ተገልብጣ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ይዞ ከቆመው ተማሪዬ ራስ አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፋ ወደቀች።

ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን በዚያ ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ ስሌቱን ሠራሁት። ከላይ ስትታይ ስፋቷ 0.09 ሜትር ካሬ ነው። የማንሻ ቁጥሯን 0.4 ብንወስድ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ የሚያነሣት ኃይል 13 ኒውተን ያህል ነው። ክብደቷ 29 ኒውተን ነውና ገና በመሬት ላይ ናት። ፍጥነቱ 150 ሲደርስ ግን ሁለቱ ይተካከላሉ። አፍንጫዋ ከፍ ካለች ደግሞ ቁጥሩ ስለሚያድግ ከዚያም በታች ትነሣለች። ይህ ስሌት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለሃያ ዓመት ያህል በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ከሙከራው በፊት ግን አልሠራሁትም፤ መኪና መኪና ናት፣ አትበርም ብዬ ነበርና።

ከእኛ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችም በዚሁ ወድቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በፈረንሳይ የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ሰሞን፣ የመርሴዲስ ሲኤልአር መኪኖች ሦስት ጊዜ ከመሬት ተነሥተው በአየር ላይ ተገልብጠዋል። ታላቅ ፋብሪካ፣ ታላላቅ መሐንዲሶች ነበሩ። አየሩ ግን ማንነትን አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ በቡድናችን አራት ደንቦች ጸኑ። አንደኛ፣ አፍንጫ ወደ መሬት ትቀርባለች፣ ከታች ያለው ገጽም ይዘጋል፣ ይለሰልሳል። ሁለተኛ፣ ባትሪው ወደ ፊት ይገፋል፤ ከኋላ ደግሞ ቀጥ ያለ ክንፍ ይቆማል። ክብደት ከፊት፣ ላባ ከኋላ የሆነበት ቀስት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የአየሩ ግፊት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል ኋላ መዋል አለበት። ሦስተኛ፣ የማንሻው ስሌት ተሠርቶ በሁለት ሰዎች ሳይፈረም መኪናዋ ከጠረጴዛ አትወርድም። አራተኛ፣ በሩጫው አቅጣጫም ሆነ በጎኑ ሰው አይቆምም፤ መለኪያው በካሜራ ይሁን።

ያለ ነፋስ ዋሻ መለካት

ነፋስ ዋሻ የለንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። አጫጭር የሱፍ ክሮችን በአካሉ ላይ በረድፍ ለጥፉ፤ በስልክ በዝግታ ቀርጹ። ክሩ ተኝቶ ወደ ኋላ ከተዘረጋ አየሩ ተጣብቋል፤ ከተወራጨ ተለይቷል። በቬንትሌተር ፊት የዕጣን ጢስ መልቀቅም ብዙ ያሳያል።

ቁጥር ለማግኘት ደግሞ መኪናዋን አፍጥናችሁ ሞተሩን ልቀቁት፤ ፍጥነቷ እንዴት እንደሚወርድ መዝግቡ። ለምሳሌ 3 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከ100 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 3.2 ሰከንድ ቢወስድባት፣ የሚያዘገያት ኃይል 5.2 ኒውተን ነው። በጣም ዝቅ ባለ ፍጥነት ያለውን መዘግየት ለክታችሁ የጎማውና የኩሽኔታው ሰበቃ 0.6 ኒውተን ቢሆን፣ ለአየሩ 4.6 ይቀራል። ከዚያ የቅርጽ ቁጥሩ 0.79 ይወጣል። አካሉን ቀይራችሁ ስትለኩ ልዩነቱን ታያላችሁ። ሩጫው ግን ሁልጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ ይሁን፤ ነፋስና ቁልቁለት ያታልላሉና። ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ በቦንቪል የጨው ሜዳ በሰዓት 634 ኪሎ ሜትር ያስመዘገበው በሄደበት ተመልሶ፣ የሁለቱ ሩጫ አማካይ ተወስዶ ነው። የቦንቪል ከፍታ ከዛሪማ ብዙም እንደማይርቅ ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የተመለሰውና ያልተመለሰው

በአገራችን ከአየር ጋር በእጅ ሥራ የተነጋገርንበት ዘመን አዲስ አይደለም። በ1928 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቷል። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች፤ በረረችም። አዲስ አበባ ከጎንደርም ትበልጣለች ከፍታዋ። በዚያ ስስ አየር ላይ ክንፍ የሚያነሣ ኃይል ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሁን መገመት ትችላላችሁ። በዚያው ዓመት ወራሪው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ማረካት። በጣሊያን አገር ሙዚየም ቆይታ፣ በ2016 ዓ.ም. ከ88 ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

መመለሷ ደስ ይላል። ነገር ግን ስለ እርሷ ሳስብ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። የተወሰደ ዕቃ በሣጥን ተጭኖ ይመለሳል፤ የተቋረጠ የእጅ ዕውቀት ግን በሣጥን አይመለስም። ቀጥሎ የሚመጣ ሰው እንደገና ከፎምና ከጀሶ፣ ከስሌትና ከስሕተት መጀመር አለበት። በትንሿ መኪና ላይ የምናጠፋው ጊዜ ለዚህ ነው።

ስለ እኒያ እናት ጥያቄ ልመለስና ላብቃ። እትዬ፣ ነፋስ ያነሣል። በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ስለሚፈጥን ከላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በተከፈተ በር የገባው አየር ደግሞ ከታች ይገፋል። በሰከንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ 16 ኪሎ የሚያህል ክብደት ሊያነሣ ይችላል። ቀጭን ቆርቆሮ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው የሚመዝነው። እዚህም እዚያም የተቀመጠ ድንጋይ አያስጥለውም፤ ሲወድቅም ሰው ይጎዳል። መፍትሔው ጣሪያውን ከማገሩ፣ ማገሩን ከግድግዳው ጋር ማሰር፣ በተለይም በጠርዝና በማዕዘን ምስማሩን ማብዛት ነው።

ይህን መልስ በሕይወት ሳሉ አላደረስሁላቸውም። እናንተ ግን ዛሬ ሰምታችኋል። በየመንደራችሁ ድንጋይ የተጫነበት ጣሪያ ስታዩ፣ የበረረችዋን መኪና አስታውሳችሁ ለባለቤቱ ንገሩት።